የፊት ፍሬን ለጨንቻ ቁልቁለት

ልጄ ብስክሌቱን እየገፋች ወደ ግቢ የገባች ዕለት መጀመሪያ ያየሁት ፍሬኑን ነው። የፊቱ ክንድ ተሰብሮ ወልቋል። ዕድሜዬን አርባ ምንጭ ውስጥ ብረታ ብረት ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ዓይኔ የጎደለው ነገር ላይ ይተከላል፤ የሞላውን ለማየት ጊዜ ይፈጅብኛል። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ ገነት ብትገባ እንኳ መጀመሪያ የምታየው የበሩን ማጠፊያ ነው» ትለኝ ነበር።

ብስክሌቱን የተወላት ጨንቻ ለሥራ መጥቶ የነበረ ፈረንጅ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ ሻንጣው ስላልበቃው ሰጥቷት ሄደ። ሳይክሎክሮስ ይባላል አለችኝ፤ በጭቃና በድንጋይ ላይ ለሚደረግ ውድድር የተሠራ። መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች ተጠማዟል፣ ጎማው ባለ ጥርስ ነው፣ አካሉ ግን ከሲታ ነው።

«ለምንሽ ነው?» አልኳት።

«ለቁልቁለቱ» አለች።

የትኛው ቁልቁለት ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ልጄ ዲግሪዋን ይዛ ሁለት ክረምት ቤት ከተቀመጠች በኋላ ጨንቻ የሸማኔዎች ማኅበር ውስጥ ሥራ አግኝታለች። ጠዋት ከሰፈራችን ከሲቀላ ተነሥታ ሽቅብ ትወጣለች፣ ማታ ትወርዳለች። ነዳጅ ከጠፋ ወዲህ ጠዋት የሚወጣ መኪና አይጠፋም፤ የሚጠፋው የማታው ነው። ጉም ውስጥ ቆማ ስትጠብቅ፣ አንዳንዴ ከቀርከሃ ጭነት ላይ ተቀምጣ ስትመጣ ከረመች። አሁን መፍትሔ አግኝታለች። ሐሳቧ ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭና ወጥታ፣ ሥራዋን ስትጨርስ በሱ መውረድ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠመዝማዛው አያልቅም፣ አስፋልት ባልነካው በኩል ጠጠሩ ከእግር ሥር ይሸሻል፣ ባንድ ወገን ግድግዳ ነው፣ በሌላው ወገን እስከ አባያ ሐይቅ ድረስ የሚያግድ ነገር የለም።

እዚያው ጨንቻ ለምን አትከራይም የሚል ሰው ካለ መልሱ እኔ ነኝ። ስኳር አለብኝ። እናቷ ካረፈች በኋላ አንድ ማታ መርፌዬን ተወግቼ እራት ሳልበላ ቀረሁና ወጥ ቤት ውስጥ ወደቅሁ። ያገኘችኝ ጎረቤቴ ናት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ልጄ እኔን ሳታይ አድራ አታውቅም። እሷ ካልመጣች አልበላም። በእልህ አይደለም። ድስቱን እከፍታለሁ፣ አየዋለሁ፣ መልሼ እከድነዋለሁ።

እናቷ የኦቾሎ ልጅ ነበረች፤ ገደል አፋፍ ላይ አድጋ ገደልን እንደ ጎረቤት አጥር ነበር የምታየው። ልጄ እሷን ነው የወጣችው። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ፣ ተራራ አላየሁም አልልም። ግን ተራራ አይቶ ያደገ ሁሉ አይደፍርም፤ አንዳንዱ አይቶ ነው የሚፈራው።

አዲሱ ፍሬን ከመርካቶ በአውቶቡስ መጣልን። ጓደኛዋ ፈልጋ ያገኘችው ነው፣ ካንቲሊቨር የሚባለው ዓይነት። ካንቲሊቨር ሲባል እኔ የማውቀው በረንዳ ነው፤ አንድ ጫፉ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ሌላው ጫፉ አየር ላይ የሚቀር። የፍሬኑም ነገር ከዚያ አይርቅም። የፊት ጎማውን ከሁለት ጎን አቅፎ የሚይዘው ብረት ፎርክ ይባላል። በፎርኩ ግራና ቀኝ አንዳንድ ክንድ ይታሰራል። ሁለቱ ክንዶች ከጎማው አናት በላይ በምታልፍ አጭር ካቮ፣ ማለትም የሽቦ ገመድ፣ ይያያዛሉ። ከመሪው የሚመጣው ዋናው ካቮ ያቺን አጭር ካቮ ከመሃሏ ወደ ላይ ሲስባት ክንዶቹ ይሰበሰቡና ሸራ የሚባሉት የፍሬን ላስቲኮች ቸርኬውን፣ ጎማው የሚቀመጥበትን የብረት ክብ፣ ይጨብጣሉ።

ክፋቱ ዋናው ካቮ የተበጠሰ ዕለት ነው። ሌላ ፍሬን ሲበጠስ ያለ ፍሬን ያስቀርሃል፣ ቢያንስ መሪው በእጅህ ነው። በዚህኛው ግን አጭሯ ካቮ ጎማው ላይ ትወድቃለች፣ ባለ ጥርሱ ጎማ ይነክሳታል፣ የፊት ጎማው ባንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ነጂው በመሪው ላይ አልፎ ይወረወራል። ስለዚህ ካቮዋ ብትወድቅ የሚቀበላት አንድ ትንሽ መንጠቆ ከፎርኩ አናት ሥር መታሰር አለበት። የዚህ ብስክሌት ፎርክ ደግሞ ጠባብ ነው። በጎማውና በፎርኩ አናት መካከል ትንሿን ጣቴን ለመክተት ሞከርኩ፤ ጥፍሬ ገብቶ ቀረ።

እውነቱን ልናገር፣ ያን ጥበት ሳይ ደስ አለኝ። ሰበብ ስፈልግ ብረቱ ራሱ ሰጠኝ። ብረት ደግሞ አይዋሽም፣ ማንም አይከራከረውም።

«አይሆንም፣ ልጄ» አልኳት ማታ ስትመጣ። «ፎርኩ ጠባብ ነው። መንጠቆ አይገባበትም። ያለ መንጠቆ ደግሞ እኔ አላስርልሽም።»

ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። «አይሆንም ነው ወይስ አልፈልግም ነው?» አለችኝ።

ፍሬኔን በጠስኩ። እኔ ያስተማርኩትን ብረት አንቺ ልታስተምሪኝ ነው ወይ፣ ስንቱን መሐንዲስ ሞረድ ያስያዝኩ ሰው ነኝ፣ አባትሽን ውሸታም ማለትሽ ነው ወይ፣ ያልተናገርኩት የለም። ጎረቤቴ ሬድዮዋን ዝቅ ስታደርግ ሰማሁ። ልጄ እስክጨርስ ቆማ ሰማችኝ።

«እሺ» አለች። «በኋላው ፍሬን ብቻ እወርዳለሁ።»

በማግስቱ ያለችውን አደረገች። ያን ቀን እንዴት እንደዋልኩ አልናገርም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ያን ቀን አልደረሰም። አመሻሽ ላይ በሩን ገፍታ ገባች። የኋላው ሸራ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ጠጠሩ ላይ የኋላ ጎማዋ እየሸሸ እንዳስቸገራት አልነገረችኝም፤ ጎማውን ሳየው ግን ጥርሱ ባንድ በኩል ተልጦ አገኘሁት። ለካ «አይሆንም» ያልኩት ከቁልቁለቱ አላስቀራትም፤ የባሰ ፍሬን ይዛ እንድትወርድ ብቻ ነው ያደረግኳት። የመሣሪያ ሣጥኔን ከአልጋ ሥር ጎተትኩና በረንዳው ላይ ከፈትኩት።

ከወጥ ቤት አንድ የብረት ማንኪያ አንሥቼ እጀታውን ቆረጥኩ። የማንኪያ እጀታ ስስ ነው፣ ግን እንደ ስስነቱ አይደለም፣ ጠንካራ ነው። በጎማውና በፎርኩ መካከል የሚያልፍ መንጠቆ ካልተገኘ፣ ከፎርኩ ፊት ለፊት ወጥቶ ወደ ታች ጎንበስ የሚል ይገኛል ብዬ አሰብኩ። ሞረድኩት፣ በሳሁት፣ በፒንሳ አጠፍኩት። የመጀመሪያው ጎማውን ነካ፣ ጣልኩት። ሁለተኛው ካቮዋን አልቀበል አለ። ከፊት ጎማው አንድ ቁጥር ቀጠን ያለ አስመጣን፤ ያኔ ትንሿ ጣቴ ፎርኩ ሥር አለፈች። ሦስተኛው መንጠቆ በብሎንና በሮንዴላ ቁጭ አለ። ዋናውን ካቮ ፈትቼ አጭሯን ካቮ ደጋግሜ ጣልኳት፤ ደጋግሞ ተቀበላት።

የቀረው የሸራዎቹ ነገር ነበር። ክንዶቹ ጠባብ ቦታ ላይ ስለተቀመጡ ሸራዎቹን ከቸርኬው አርቄ ባስራቸው ጭብጣቸው ይላላል፤ አቅርቤ ባስራቸው ደግሞ ቸርኬው ትንሽ ቢጣመም ይነኩታል። ለዚያ ቁልቁለት የላላ ጭብጥ አይሆንም። አቀረብኳቸው፤ በሸራውና በቸርኬው መካከል ከወረቀት የወፈረ ነገር አያልፍም ነበር።

ይኼ ሁሉ ሥራ ቀልጣፋ በሆነ ሰው እጅ ባንድ ቀን ያልቃል። እኔ አላጣደፍኩትም፤ እስኪያልቅ ልጄ እንደ ድሮው ባገኘችው መኪና ትመጣለች። ልጄ ከሥራ ስትመጣ በረንዳው ላይ እጄ ግራሶ ለብሶ ታገኘኛለች፤ አጠገቤ ቁጭ ብላ ብሩጎላ መፍቻውን ታቀብለኛለች። በማንኪያዬ ትስቅብኛለች። «አባዬ፣ ካቮውን እንደ ወጥ ልትጨልፈው ነው እንዴ?» ትለኛለች። ስለ ፎርኩ እየተነታረክን እንታጠባለን፣ እየተነታረክን እራት እንበላለን። አንድ ማታ ክንዶቹ ለምን እኩል አይሰበሰቡም በሚል ተከራክረን ወጡ ሳይታወቀን አለቀ።

ከላይኛው ከተማ ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው አስፋልት ላይ ሞከረችው። እኔ ታች ቆሜ ነበር። አጠገቤ ስትደርስ ጨበጠችው፤ ብስክሌቱ ሳያንሸራትት፣ ሳይጮኽ ቆመ። በዚያች ሰዓት ፍርሃቴን ሁሉ ረሳሁት ብል ማጋነን አይደለም። የብረት ሰው ሞኝ ነው፤ የሠራው ነገር ከሰመረለት ዓለም ሁሉ የተስተካከለ ይመስለዋል።

ጥቂት ቀን ደህና ወረደች። ሐሙስ ዕለት ግን በረንዳው ላይ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት፣ ከዶርዜ በታች። ነፋስ ነበረ፣ ድምጿ ይቆራረጣል።

«አባዬ፣ ፍሬኑ ይይዛል» አለችኝ።

«እሰይ! ጎሽ የኔ ልጅ! አላልኩሽም? በይ ነይ፣ አትቁሚ፣ ሳይመሽ ነይ!»

«እ?» አለች፤ ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ።

ደስ ብሎኝ ሻዬን ጠጣሁ። ግማሽ እንዳደረስኩ ያቺ «እ?» መጣችብኝ። የደስታ ድምፅ አልነበረም። ደግሞስ ሰው ከመንገድ መሃል ቆሞ ፍሬኔ ይሠራል ብሎ ይደውላል? ቃሉን በአፌ ውስጥ አገላበጥኩት። ይይዛል። ፍሬን ጥሩ ሲጨብጥ ይይዛል እንላለን። ጎማ ከሸራ ጋር ሲፋተግ፣ አልዞር ሲልም ይይዛል እንላለን። ስንት ዓመት ተማሪ ፊት ቆሜ ሁለቱንም ስል ኖሬ አንዱን ከሌላው አደናግሬ አላውቅም፣ ምክንያቱም ብረቱ ሁልጊዜ ፊቴ ነበር። አሁን ፊቴ ያለው ስልክ ብቻ ነው።

ሻዬን አስቀመጥኩ። ደወልኩ። ያቺ የማትደክም ሴትዮ የደወልኩለት ስልክ እንደማይገኝ ነገረችኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ ደግማ ነገረችኝ። ሰደብኳት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቸርኬው ተጣሞ ሸራው እየነካው ከሆነ፣ ቁልቁለቱ መሃል ጠጠር ላይ የፊት ጎማው ድንገት ቀጥ ሊል ይችላል። እኔ ደግሞ አትቁሚ ብያታለሁ።

ከበር ላይ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ፊቴን አይቶ ይመስለኛል አልተከራከረኝም። ወደ ጨንቻ የሚያስወጣው መገንጠያ ጋ ስንደርስ ግን ቆመ።

«አባባ፣ ዳገቱን አልችልም። ሞተሩ ይሞትብኛል» አለኝ።

«ትንሽ እንኳ?»

«ትንሽም አይሆንም። ግን እጠብቅዎታለሁ።»

ወረድኩና በእግሬ ሽቅብ ጀመርኩ። ብዙ አልሄድኩም፣ ዳገቱ ከበደኝ። ሙዝ የሚሸጡ ሴቶች ድንጋይ ለቀቁልኝና ተቀመጥኩ። ከላይ የሚመጣውን መኪና ሁሉ በእጄ እያስቆምኩ ጠየቅኩ። የመጀመሪያው አላየሁም አለ። ሁለተኛው ሳይቆም አለፈ። ለእናቷ ምን እላታለሁ እያልኩ ነበር፣ እናቷ እንደሌለች እያወቅኩ። ቀርከሃ የጫነ አንድ አይሱዙ አጠገቤ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ብስክሌት የያዘች ልጅ አላየህም?» አልኩት።

«አይቻታለሁ አባባ። እየገፋች ነው። ልጫንሽ ብላት ደርሻለሁ አለችኝ።»

«ደህና ናት?»

«ትሄዳለች» አለኝ። ትሄዳለች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለመጠየቅ አፌን ሳልከፍት ሄደ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መታጠፊያው ላይ ብቅ አለች። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥታ በኋላው ብቻ እየገፋችው ነበር። አንድ እጇን በሻሽ ጠምጥማዋለች፣ የሱሪዋ ጉልበት ተቀዷል፣ ግማሽ ፊቷ አቧራ ነው። ልሮጥ ብዬ ተነሣሁ፣ አልሮጥኩም። እስክትደርስ ቆምኩ።

«ይይዛል ስልህ እሰይ አልከኝ» አለችኝ።

«ይሠራል ያልሽኝ መስሎኝ ነው።»

አየችኝ። መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተቀየረና አለቀሰች። በጤነኛው እጇ ዓይኗን እየጠረገች ነገረችኝ። ከዶርዜ እንደወረደች ድንጋይ መታት፣ ቸርኬው ተጣመመ፣ ሸራው መንካት ጀመረ። አጭሯን ካቮ ፈትቼ ልውረድ ወይስ ልግፋው ብላ ልትጠይቀኝ ነበር የደወለችው።

«አባዬ እሰይ ካለ አደጋ የለውም ማለት ነው ብዬ ወጣሁበት» አለች። «ሁለት መታጠፊያ ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ ቀጥ አለ።»

«በየት በኩል ጣለሽ?»

«በግድግዳው በኩል።»

ስለ ሌላኛው በኩል ሁለታችንም አልተናገርንም። ሙዝ ሻጮቹ ውኃ አምጥተው እጇን አጠቡላት። እኔ ጎንበስ ብዬ ቸርኬውን አየሁ፤ ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረኝም። ዳሰስኩት፣ መንጠቆውን ዳሰስኩት፣ ካቮውን ዳሰስኩት። ሁሉም እንዳሰርኩት ነው። አንድም ነገር አልተበጠሰም፣ አንድም ብሎን አልላላም። ያን ሁሉ ቀን ስፈራ የነበረው ለካቮው ነው፤ ልጄን የጣላት ግን «እሰይ» ማለቴ ነው።

«እዚያው ጨንቻ ተከራዪ» አልኳት ሳልነሣ።

ሻሹን እጇ ላይ እንደገና ጠመጠመች።

«ሰምተሽኛል? በየቀኑ መምጣት ይብቃሽ። እሑድ እሑድ ትመጫለሽ።»

«ስኳርህስ?»

«ስልክ አለኝ፣ ጎረቤት አለኝ። ልጅ አይደለሁም።»

«እራትህስ?»

«እበላለሁ።»

ከአንገት በላይ መሆኑን አወቀች፤ ግን አልተከራከረችኝም። ያ ነው ያስደነገጠኝ። ትከራከረኛለች ብዬ ነበር።

«ቤት ፈልጊ እንግዲህ» አልኳት።

«ቤትማ አለ» አለች ቀስ ብላ። «ከመሥሪያ ቤታችን አጠገብ። አንዲት መምህርት አብረን እንያዝ ብላኝ ነበር። አሁንም ትጠብቀኛለች።»

«መቼ ነው ያለችሽ?»

«ሥራ የጀመርኩ ሰሞን።»

ተነሣሁ። «ታዲያ ይኼ ሁሉ ምንድን ነው? ይኼ ሁሉ ብስክሌት? በነፍስሽ ስትጫወቺ የከረምሽው ቤት እያለሽ ነው?» ሙዝ ሻጮቹ ዞር አሉ። ባጃጁ ውስጥ ያለው ልጅ ሙዚቃውን ዘጋ።

«መጀመሪያ ብቻህን እንዳትወድቅ ብዬ ነበር የምመጣው» አለች። ድምጿን አላነሣችም። «ብስክሌቱም እንዲያመላልሰኝ ብዬ ነበር፣ ሌላ አላሰብኩም። በኋላ ግን አየሁህ። ፍሬኑን መሥራት ከጀመርክ ወዲህ እራት ትበላለህ፣ አባዬ። እያወራህ ትበላለህ። እንዴት ልተወው?»

ብስክሌቱን ባጃጁ ጣሪያ ላይ አሰርነውና ወደ ሲቀላ ወረድን፤ የታመመ እጇ ጉልበቴ ላይ ነበር። ቤት ስንደርስ ድስቱን ራሴ አሞቅኩ፣ ራሴ አቀረብኩ፣ እያየችኝ በላሁ። አልጣመኝም፤ ግን በላሁ።

እሑድ ፍራሿንና ልብሷን የሚወስድ መኪና መጣ። ጎረቤቴ ዳቦ ቋጥራላት ታለቅሳለች። ሁሉም ዕቃ ከተጫነ በኋላ ብስክሌቱ በረንዳው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቀርቷል። ረሳሽው ልላት እጄን አነሣሁ። ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጣ በመስኮት ታየኛለች።

«የፊቱ ቸርኬ መቃናት አለበት» አለችኝ። «ሸራዎቹንም እያቸው።»

«በሳምንት አደርስልሻለሁ» አልኳት።

«እንዳትቸኩል» አለችኝ።